የኮምፒዩተር ክፍሉ በር ለስንት ሰዓት ክፍት ነው?

ስለ አንድ አነስተኛ ኮሌጅ የኮምፒዩተር አገልግሎት ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ስንት ኮምፒዩተር አላችሁ?» የሚለው ነው። እኔም በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የምሞላው ዓመታዊ የሪፖርት ቅጽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ይህንኑ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ቆጥሬ እሞላለሁ፤ ሪፖርቱም ይላካል። በዚያው ሰሞን ግን በክፍሉ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ፣ ጠብቀውም ሳይደርሳቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ነበሩ፤ ስለ እነርሱ የሚጠይቅ አንድም መስመር በቅጹ ላይ አልነበረም። እየቆየ ሲሄድ ከማሽኖቹ ቁጥር ይልቅ ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር፤ አንድ ተማሪ ከክፍለ ጊዜ ውጭ የራሱን ሥራ ለመሥራት በሳምንት ስንት ሰዓት ከኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ ይችላል?

ስሌቱ ቀላል ስለሆነ እዚሁ ላስቀምጠው። 600 ተማሪዎችና 30 ኮምፒዩተሮች ያሉት ኮሌጅ እንውሰድ። ክፍሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 8 ሰዓት ይከፈታል፤ ከዚህ ውስጥ 5ቱን ሰዓት መደበኛ ትምህርት ይወስደዋል። ለግል ሥራ የሚተርፈው በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 15 ሰዓት ነው። ይህ በ30 ኮምፒዩተሮች ሲባዛ 450 ሰዓት ይሆናል፤ ለ600 ተማሪዎች ሲካፈል ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በሳምንት 45 ደቂቃ ብቻ ነው። አሁን ያው ክፍል በሥራ ቀናት እስከ ምሽት ድረስ 14 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ 8 ሰዓት ይከፈት እንበል። ለትምህርት የተያዘው ሰዓት ሳይነካ ለግል ሥራ የሚተርፈው በሳምንት 53 ሰዓት ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ተማሪ ድርሻም ከሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል። አንድም አዲስ ማሽን አልተገዛም። የመክፈቻው ሰዓት እንደነበረ ሆኖ ያንኑ ያህል ድርሻ በግዢ ብቻ ለመድረስ ቢታሰብ፣ ኮሌጁ 30 የነበሩትን ኮምፒዩተሮች 106 ማድረስ ይኖርበታል። ክፍሉን በምሽት የሚጠብቅ ሰው መቅጠር ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ ከ76 ኮምፒዩተሮች ዋጋ፣ ከሚቀመጡበት ክፍልና ከሚፈልጉት መብራት ጋር ሲነጻጸር ግን የትኛው እንደሚቀል ማንም የሒሳብ ሹም በአንድ ገጽ ላይ ሊያሳይ ይችላል።

45 ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ በተግባር ያየ ሰው አይስተውም። አሮጌ ማሽን ተነሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይሄዳል፤ ተማሪው ያለፈውን ሳምንት ሥራ ካስቀመጠበት ፈልጎ እስኪከፍት ሌላ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል። ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ ገና ሲገባው «ተራህ አልቋል» ይባላል። እንዲህ ያለው ተማሪ የሚማረው ፕሮግራም መጻፍን ሳይሆን የጓደኛውን ሥራ መቅዳትን ነው፤ በዚህም እርሱን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። መሳሳት፣ ስሕተቱን መፈለግና እንደገና መሞከር ጊዜ የሚበላ ሥራ ነው፤ ጊዜ ያልተሰጠው ተማሪ ለመሳሳት እንኳ ዕድል አላገኘም።

ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም፤ መልሱን አስቀድሞ ያገኘውም ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ የነበረ ኮሌጅ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኮምፒዩተር መጠቀም ማለት ፕሮግራምን በካርድ ላይ በስቶ ለኦፕሬተር ማስረከብና ውጤቱን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ መጠበቅ ማለት ነበር። በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን የነበሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ይህ አሠራር ለተማሪ እንደማይሆን ተረድተው፣ አንድ ኮምፒዩተር ጊዜውን ለብዙ ተጠቃሚዎች እየከፋፈለ በአንድነት የሚያገለግልበትን ሥርዓት አሰቡ። ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በተገኙ ማሽኖች ላይ የተሠራው ይህ ሥርዓት፣ ከአዲሱ የቤዚክ ቋንቋ ጋር፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1964 ጎሕ ሳይቀድ የመጀመሪያ ሥራውን ሠራ። ቤዚክ የተፈለገውም የሒሳብና የምሕንድስና ተማሪ ያልሆነውም ሰው በጥቂት ትምህርት ፕሮግራም መጻፍ እንዲችል ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የሚነካው ከማሽኑም ከቋንቋውም በላይ የአጠቃቀሙ ደንብ ነው። ኬሜኒ ኮምፒዩተሩን የሚያነጻጽረው መደርደሪያው ለሁሉም ክፍት ከሆነ ቤተ መጻሕፍት ጋር ነበር፤ ተማሪው ለምን እንደፈለገው ሳይጠየቅና ፈቃድ ሳያስፈርም ገብቶ ይጠቀማል። ሌላው ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር ደግሞ ሥርዓቱን በመጻፍ ትልቁን ድርሻ የተወጡት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መሆናቸው ነው። ኮሌጁ በቂ ባለሙያ ስላልነበረው ተማሪዎቹን አመነ፤ እነርሱም እምነቱን አላሳፈሩም። ዛሬ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ በር ላይ «ያለ መምህር ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

«አሁን እኮ ሁሉም ስልክ አለው፤ የኮምፒዩተር ክፍል ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ስልክ ለማንበብ፣ መልእክት ለመላክ፣ የተቀረጸ ትምህርት ለማየት ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የ40 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ጽፎ፣ ማውጫውንና ሠንጠረዡን ለማስተካከል ብቻ ወደ ክፍሉ የመጣ ተማሪ አስተናግጃለሁ። ርዕሶቹን በሙሉ በእጁ እያደመቀ፣ የገጽ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ራሱ እየጻፈ ነበር የሠራው፤ አንድ አንቀጽ በጨመረ ቁጥር ሁሉም ይፋለስበታል። የርዕስ ደረጃ መስጠትንና ማውጫው በራሱ እንዲወጣ ማድረግን ባሳየሁት ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ እስካሁን አልጠፋኝም። ስልክ ብቻ ይዘው ካደጉ ተማሪዎች ብዙዎቹ ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ ፎልደር ምን እንደሆነ፣ አንድን ሰነድ ማስቀመጥና መላክ ምን እንደሚለያቸው ሳያውቁ ይመጣሉ። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ ስልኩ ይህን ሁሉ ይሸፍንባቸዋል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ቁልፍ ያዥ ብቻ ከሆነ የአገልግሎቱ እኩሌታ ጎድሏል ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ከየት እናምጣው ለሚለው መልሴ ከላይ ያነሣሁት የዳርትማውዝ ልምድ ነው፤ ከተማሪዎቹ መካከል። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን በተራ በምሽት እንዲቀመጡ ስናደርግ፣ አዲስ ገቢዎቹ እኔን ለመጠየቅ የሚያፍሩትን ነገር እነርሱን ሳይሳቀቁ ይጠይቁ ነበር። ረዳቶቹን ስመርጥ ከውጤታቸው ይልቅ ትዕግሥታቸውን እመለከታለሁ። ያስቀመጥኩላቸው ጥብቅ ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚረዳው ሰው የተረጂውን ማውዝ እንዳይነካ። ማውዙን ነጥቆ ችግሩን ፈትቶ መሄድ ለረዳቱ ቀላል ነው፤ ተማሪው ግን በማግሥቱ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ረዳቶቹ ለሰዓታቸው ክፍያ ማግኘት እንዳለባቸው አምናለሁ፤ በነጻ የሚሠራ ተማሪ ፈተና ሲደርስ ይቀራል፣ ክፍሉ ይበልጥ የሚፈለገውም ያኔ ነው።

አሁን ወደ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ተማሪዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡት በፍላሽ ነበር፤ ኮሌጁ ሌላ ማስቀመጫ አላዘጋጀላቸውም፤ እኔም አላሰብኩበትም። አንዲት ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፍላሿ አልነበብ አለ። ያለንን ሁሉ ሞከርን፤ አልሆነም። የወራት ሥራዋን ከታተሙ ረቂቅ ገጾች እያየች ሌሊቱን ስትተይብ ክፍሉን ክፍት አድርጌ አብሬያት ቆየሁ። ያንን ጉዳት ለመከላከል ያስፈልግ የነበረው ግን ያን ያህል አልነበረም። ለ600 ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው 5 ጊጋባይት ቦታ ቢሰጥ በጠቅላላው 3,000 ጊጋባይት፣ ማለትም 3 ቴራባይት ይሆናል፤ ይህን አንድ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ይችለዋል። ተማሪው በየትኛውም ማሽን ላይ በራሱ ስምና የይለፍ ቃል ሲገባ የራሱን ፎልደር ያገኛል፤ ትናንት የተቀመጠበት ኮምፒዩተር ዛሬ ቢበላሽም ሥራው አይነካም።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁለት ዲስኮችን አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን አድርጎ ማስገባት መልካም ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ግን መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ተማሪው በስሕተት የሰረዘው ፋይል ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ቫይረስ የቆለፈውም እንዲሁ። ባለሙያዎቹ 3-2-1 የሚሉት አሠራር ለትንሽ ኮሌጅም አይከብድም፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ወይም ቢያንስ ከሕንጻው ውጭ። በየሳምንቱ ተነቅሎ በሌላ ሕንጻ የሚቆለፍ አንድ ውጫዊ ዲስክ ብዙ ይታደጋል። ከቅጂው ላይ አንድ ፋይል እየመለሱ መሞከርም መዘንጋት የለበትም፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ስለ ማሽኖቹም ልናገር። በብዙ ኮሌጆች «አርጅቷል» ተብሎ መጋዘን ውስጥ ከሚከማቸው ኮምፒዩተር ብዙው ያረጀው ዲስኩ ብቻ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ተበታትነው የተቀመጡ መረጃዎችን በሰከንድ ወደ 100 ጊዜ ያህል ብቻ ሊያነብ ሲችል፣ ኤስኤስዲ የሚባለው የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማስቀመጫ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ያነባል። ዐሥር ዓመት በሞላው ማሽን ላይ ኤስኤስዲ ገጥሞ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) 8 ጊጋባይት ማድረስ፣ ለጽሑፍ፣ ለሠንጠረዥ፣ ለኢንተርኔትና ለጀማሪ ፕሮግራም ትምህርት የሚበቃ ኮምፒዩተር ይመልሳል። አንድ አዲስ ማሽን በሚገዛበት ዋጋ በዚህ መንገድ በርካታ ማሽኖች ይታደሳሉ።

አሁን ግን ከሃርድዌሩ ውጭ ሌላ ችግር ተደቅኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍልና ከተወሰነ ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በደኅና የሚሠሩ ማሽኖች በዚህ ምክንያት ሊጣሉ አይገባም፤ በዊንዶውስ ፈንታ በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ ሊጫንባቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ሊኑክስ ተርሚናል ሰርቨር ፕሮጀክትም ሌሎቹን የሚያገለግል አቅም ያለው አንድ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር (ሰርቨር) ተተክሎ፣ የተማሪዎቹ ማሽኖች ዲስክ እንኳ ሳይኖራቸው በኔትወርክ ከእርሱ ላይ እንዲነሡ ያስችላል። እንዲህ በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ የሚጠገነውም የሚታደሰውም በዋናነት አንዱ ሰርቨር ነው፤ ጥቂት ሠራተኛ ላለው ኮሌጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሰርቨሩ ሲቆም ክፍሉ በሙሉ መቆሙ ግን እውነት ስለሆነ፣ ሁለተኛ ሰርቨር በተጠንቀቅ ሳይኖር ባይጀመር እመርጣለሁ።

ወላጆችና አንዳንድ መምህራን «ሥራ ሲቀጠሩ የሚጠብቃቸው ዊንዶውስ ነው» ብለው ይቃወማሉ። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠሩ የሒሳብ አያያዝና የንድፍ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ለእነዚህ ትምህርቶች የሚሆኑ ማሽኖች ሕጋዊ ፈቃድ ተገዝቶላቸው መለየት አለባቸው። ለቀረው ግን ሊብረኦፊስ በተባለው ነጻ የቢሮ ሶፍትዌር ሠንጠረዥ ላይ ቀመር መጻፍ የገባው ተማሪ በኤክሴል ላይ ሲቀመጥ ለመላመድ ብዙ አይፈጅበትም። ለስታቲስቲክስ አር፣ ለሒሳብ ጂኦጀብራና ኦክታቭ፣ ለካርታ ሥራ ኪውጂአይኤስ፣ ዋቢዎችን ለመያዝ ዞቴሮ፣ ለፕሮግራም ትምህርት ፓይተን ሁሉም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ተማሪውም ቤቱ ወስዶ በሕጋዊ መንገድ ሊጭናቸው ይችላል። በኮሌጅ ማሽን ላይ ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረ) ሶፍትዌር መጫንን አጥብቄ የምቃወመው ስለ ሕጉ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ክፍላችንን ደጋግሞ ያመሰው ቫይረስ የገባው በዚያ በኩል ስለነበረ ጭምር ነው። አንዱን ማሽን በሚገባ አዘጋጅቶ ክሎንዚላ በተባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ወደ ሌሎቹ ሁሉ መገልበጥ ከለመድን ወዲህ የተበላሸ ማሽን ወደ ሥራ የሚመለሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነበር።

ስለ ኢንተርኔት ሲነሣ ጥያቄው ሁልጊዜ ፍጥነት ይጨመር ነው። ይጨመር፤ አልቃወምም። ግን ያለውን እንዴት እንደምንጠቀምበት አስቀድመን እንይ። 20 ሜጋቢት በሰከንድ የሚደርስ መስመር 40 ሰዎች በአንድነት ሲጠቀሙበት ለአንዱ የሚደርሰው ግማሽ ሜጋቢት ነው። 30ዎቹ ማሽኖች በቀን ማዘመኛ ሲያወርዱ ደግሞ ያም አይቀርም፤ ስለዚህ ማዘመኛው ወደ ሌሊት መዛወር አለበት። ከዚህ የሚበልጠው ግን ብዙዎች ደጋግመው የሚፈልጉትን ነገር አንድ ጊዜ አውርዶ በግቢው ሰርቨር ላይ ማኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ የተባለ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሎቹ 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው፤ በዚያው ባለ 20 ሜጋቢት መስመር 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ማታ አስጀምሮ ጠዋት ማግኘት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ የሚያነቡት በግቢው ኬብል፣ በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያልፍበት መንገድ ነው፤ የውጭው መስመር ቢቋረጥም ንባባቸው አይቋረጥም። ከዚሁ ጎን የፕሮግራም ቋንቋዎች መመሪያዎች፣ የመጫኛ ፋይሎች፣ የመምህራኑ ጽሑፎችና በነጻ ፈቃድ የወጡ የመማሪያ መጻሕፍት ሊቀመጡ ይችላሉ። እኛ ይህን ያደረግነው ከመጋዘን በወጣ አንድ ማሽን ላይ ነው፤ ከግዢ ሁሉ ይበልጥ የተመሰገንኩበት ሥራም እርሱ ነበር።

ዋይፋይ ለስልክና ለላፕቶፕ ያስፈልጋል፤ ቋሚ ኮምፒዩተሮች ግን በኬብል ይገናኙ። ተራው ካት ፋይቭ ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢቱን ያደርሳል፤ የዋይፋዩ አየርም ለሌላው ይቀራል።

ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች «ልዩ ኮምፒዩተር» ተብሎ በአንድ ጥግ የሚቀመጥላቸውን ማሽን በፍጹም አልወደውም፤ ያ ማሽን ሲበላሽ ወይም ሌላ ሰው ሲይዘው ተማሪው ቦታ የለውም። በማይክል ከራን እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው፣ በኋላም ከጄምስ ቴ ጋር ያሳደጉት ኤንቪዲኤ የተባለው የዊንዶውስ ስክሪን አንባቢ (በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር) በነጻ የሚገኝ ነው፤ ሁለቱም ማየት የተሳናቸው አውስትራሊያውያን ናቸው። ክፍያ የሌለው ስለሆነ በየዊንዶውሱ ማሽን ሁሉ ላይ እንዳይጫን የሚያግድ ምክንያት የለም፤ የሚቀረው የጆሮ ማዳመጫ ማዘጋጀት ብቻ ነው። ከፍላሽ ላይም ስለሚሠራ ተማሪው የራሱን ማስተካከያ ይዞ ሊዞር ይችላል። ለሊኑክስ ማሽኖች ኦርካ የሚባለው አለ። በዊልቸር ለሚመጡ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ከፍታው የተመቸ፣ ከሥሩ ኬብል ያልተዘረጋበት ጠረጴዛ ይለይ።

ይህን ሁሉ ለኮሌጅ አስተዳደር ለማስረዳት ብዙ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ አብዛኞቹ መልስ አላገኙም። ነገሩን የቀየረው በበሩ አጠገብ የሰቀልኩት ተራ ደብተር ነበር። ቦታ አጥቶ የሚመለስ ተማሪ ሁሉ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ ሊሠራ የፈለገውንም ሥራ በአንድ መስመር እንዲጽፍ ጠየቅሁ፤ ስም አላስፈለገም። ረዳቶቹም ክፍሉ ተዘግቶ በሩን የሚያንኳኩትን እንዲጽፉ አደረግሁ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ይዤ ወደ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ዲኑ ገጾቹን በየተራ አነበቡ፤ «የመመረቂያ ጽሑፍ»፣ «የፓይተን የቤት ሥራ»፣ «የሥራ ማመልከቻ ማተም»፣ እንደገና «የመመረቂያ ጽሑፍ» ይላል። አብዛኛው መስመር የተጻፈው ከመዝጊያው ሰዓት በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነበር። የዚያን ቀን ተጨማሪ ኮምፒዩተር አልጠየቅሁም፤ የሁለት ተማሪ ረዳቶች የምሽት ክፍያና የበሩን ሁለተኛ ቁልፍ ነበር የጠየቅሁት። በቀጣዩ ሳምንት ሁለቱም ተፈቀዱ፤ ደብተሩን ግን አላነሣሁትም፤ ቅዳሜ ገና ይቀረን ነበር።